በሰመመን ውስጥ የሚነሣ ብርቱ አለርጂ፦ ለምን ዘግይቶ ይታወቃል? ለምንስ በዚያው ሰው ላይ ይደገማል?

ለቀላል ቀዶ ሕክምና የገባ ሰው በሕይወት ሳይወጣ ሲቀር ወሬው ውሎ ሳያድር አንድ መልክ ይይዛል፦ «ማደንዘዣው በዝቶበት ነው»። ማደንዘዣ ከልክ አልፎ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። የመተንፈሻ ቱቦ ያለቦታው ገብቶ፣ ደም ብዙ ፈስሶ ወይም ልብ ደክሞም ሰው ይሞታል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚመሳሰል፣ ከመድኃኒቱ መጠን ጋር ግን እምብዛም ግንኙነት የሌለው ሌላ ምክንያትም አለ። ይህም አናፊላክሲስ፣ ማለትም መላ ሰውነትን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያናጋ ብርቱ አለርጂ ነው። ቀስቃሹም ብዙ ጊዜ ሰው እንደሚያስበው የሚያስተኛው መድኃኒት አይደለም።

ልዩነቱን ማወቅ ለወሬው ጥራት ብቻ አይጠቅምም። «ማደንዘዣ በዛበት» ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ ምርመራ አይደረግበትም። ምርመራ ካልተደረገ ደግሞ ከአደጋው የተረፈው ሰው ያንኑ መድኃኒት በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሆስፒታል፣ በሌላ ባለሙያ እጅ እንደገና ይወስዳል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

«አናፊላክሲስ» የሚለውን ቃል በ1902 ያወጡት ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርትዬ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከባሕር እንስሳት የወሰዱትን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለውሾች እየሰጡ ሰውነታቸው እንዲለምደው ለማድረግ ይሞክሩ ነበር። የመጀመሪያውን መጠን በደኅና ያለፉት ውሾች ከሳምንታት በኋላ ከዚያ ያነሰ መጠን ሲሰጣቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደቁ። ይጠብቃቸዋል የተባለው ልምድ መልሶ ጎዳቸው። ስለዚህ ክስተቱን የመከላከል ተቃራኒ የሚል ትርጉም ባለው የግሪክ ቃል ሰየሙት። ሪሼ በዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ሰውነት አንድን ባዕድ ነገር እንደ ጠላት ሲመዘግብ ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ይህ አካል በቆዳ፣ በሳንባ፣ በአንጀትና በልብ ውስጥ ባሉ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ያው ነገር ዳግም ሲመጣ ማስት ሴሎቹ ያጨቁትን ሂስታሚን፣ ትሪፕቴዝና ሌሎች ኬሚካሎች በአንድ ጊዜ ይረጫሉ። ያን ጊዜ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ማፍሰስ ይጀምራል። በከባድ ሁኔታ በደም ሥር ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሶው ያህል በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ውጭ ሊሾልክ ይችላል። የደም ጠብታ ሳይታይ ሰውየው ብዙ ደም እንደፈሰሰው ይሆናል። የሳንባ ቱቦዎች ይጠባሉ። ልብ የሚረጨው ደም ያጥረዋል፤ የልብ የራሱ የደም ሥሮችም ሊኮማተሩ ይችላሉ።

ሁሉም ምላሽ በዚህ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንዳንድ መድኃኒቶች ያለ ፀረ እንግዳ አካል አማካይነት ማስት ሴሉን በቀጥታ ይነኩታል፤ በ2015 የታተመ ጥናት ይህን የሚያደርግ መቀበያ በሕዋሱ ላይ እንዳለ አሳይቷል። ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በፍጥነት ሲሰጥ የሚመጣው መቅላትና የደም ግፊት መውረድ ከዚህ ወገን ነው። በዚህኛው መንገድ መጠንና ፍጥነት ዋጋ አላቸው፤ መድኃኒቱን በዝግታ በመስጠት ማስቀረት ይቻላል። በፀረ እንግዳ አካል በሚመጣው ግን ጥቂቱም ይበቃል። ሕመምተኛው ሊሞት በተቃረበበት ሰዓት ግን የሁለቱ ሕክምና አንድ ነው።

ከጨርቁ ሥር

አንድን ሰው ምግብ ወይም የንብ መርዝ ሲያስቆጣው ራሱ ይናገራል። ያሳክከኛል፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ደረቴን ጨመደደኝ ይላል። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ማለት አይችልም።

በቀዶ ሕክምና ክፍል የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ እንመልከት። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል፤ የሕመም ማስታገሻ ይከተላል፤ ቱቦ ለማስገባት ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣል፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይገፋል፤ ቆዳው ክሎረሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ይጠረጋል፤ የሽንት ቱቦ በጄል ተቀብቶ ይገባል። ከዚያ ከአንገት በታች ያለው ሰውነት ሁሉ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ዓይን እንዳይደርቅ በፕላስተር ይከደናል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሞኒተሩ ላይ የደም ግፊቱ ከ120 ወደ 80 ይወርዳል።

የሰመመን ባለሙያው መጀመሪያ የሚያስበው አለርጂን አይደለም፤ እንዲህ ማሰቡም ስሕተት አይደለም። የሚያስተኙት መድኃኒቶች ራሳቸው የደም ግፊት ያወርዳሉና ይህን በየቀኑ ያየዋል። የጋዙን መጠን ይቀንሳል፣ ፈሳሽ ያፈጥናል፣ ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት በጥቂቱ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግፊቱ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ የተለመደው መድኃኒት ሁለት ሦስቴ ተሰጥቶ ምንም ለውጥ ካልመጣ፣ ምልክቱ ያ አለመመለሱ ነው። በዚያው ሰዓት ማሽኑ አየር ለማስገባት የሚፈልገው ግፊት ሊጨምር ይችላል። በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድንገት ካሽቆለቆለ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ደም እያነሰ ነው ማለት ነው። ሽፍታው ከጨርቁ ሥር ነው። ጨርቁ ቢነሣ እንኳ ላይኖር ይችላል፤ ቆዳ ደም ካልደረሰው አይቀላምና። የደም ዝውውሩ ሲመለስ ሽፍታው በኋላ ብቅ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ «ሽፍታ የለውም፣ አለርጂ አይደለም» የሚለው ድምዳሜ በዚህ ክፍል ውስጥ አደገኛ ነው።

ከወገብ በታች ብቻ የደነዘዘ ሰው ነቅቷልና ይናገራል። እዚያም ግን ሌላ ወጥመድ አለ። በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ራሱ ግፊት ያወርዳል፣ ማቅለሽለሽም ያመጣል። በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት አንቲባዮቲኩን የምትወስደው በዚያው ሰዓት ነው። «ጥሩ ስሜት አይሰማኝም፣ ልሞት ነው» ስትል ፍርሃት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ይህ የሞት ስሜት በሕክምና መጻሕፍት ከአናፊላክሲስ ምልክቶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ነው።

ቀስቃሾቹ እነማን ናቸው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ሰፊ ጥናቶች አንዱ የብሪታንያ የሰመመን ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2018 ያወጣው ስድስተኛው ብሔራዊ ኦዲት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች የደረሱ 266 ከባድ አናፊላክሲሶችን አንድ በአንድ መርምሯል። ክስተቱ ከ10,000 ሰመመኖች በአንዱ ገደማ እንደሚደርስ ገምቷል። ከ266ቱ 10 ሰዎች ሞተዋል።

ቀስቃሹ ተለይቶ ከታወቀባቸው መካከል 47 በመቶው አንቲባዮቲክ ነበር። ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች 33 በመቶ፣ ክሎረሄክሲዲን 9 በመቶ፣ በካንሰር ቀዶ ሕክምና ንፍፊትን ለመለየት የሚወጋው ሰማያዊ ቀለም ወደ 5 በመቶ ያዙ። በአንድ ወቅት እጅግ ያሳስብ የነበረው የጓንት ላቴክስ አንድም የተረጋገጠ ጉዳይ አልተገኘበትም። በየቀኑ በብዛት የሚሰጠው የሚያስተኛ መድኃኒት፣ የፕሮፖፎል፣ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የአንድ አገር የመድኃኒት ምርጫ ነጸብራቅ ናቸው፤ እንዳሉ ወደ ሌላ መገልበጥ አይቻልም። በፈረንሳይ ለረጅም ዓመታት በቀዳሚነት ሲመዘገቡ የቆዩት ጡንቻ የሚያላሉት ናቸው። በሁሉም ዘንድ የሚሠራው ትምህርት ግን አንቲባዮቲክ እንደ ተራ ነገር የሚገፋ መርፌ አለመሆኑ ነው። ኦዲቱ ሲቻል አንቲባዮቲኩ ሰመመን ከመጀመሩ ጥቂት ደቂቃዎች ቀድሞ እንዲሰጥ የመከረው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ነቅቷል፣ ግፊቱን የሚያወርድ ሌላ መድኃኒት አልወሰደም፣ ተጠርጣሪውም አንድ ብቻ ነው። ወጪ የሌለው፣ ቅደም ተከተልን ብቻ የሚቀይር እርምጃ ነው። በብዙ ቦታ ልማድ አለመሆኑ ያሳዝናል።

የሳል ሽሮፑ ነገር

ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ያልተፈታ ጥያቄ ነበራቸው። መድኃኒቱን በሕይወታቸው ወስደው የማያውቁ ሰዎች በመጀመሪያው መርፌ አናፊላክሲስ ያዛቸው። ሰውነታቸው ያላየውን ነገር እንዴት አወቀው?

የመልሱ ፍንጭ የመጣው ከኖርዌይና ከስዊድን ንጽጽር ነው። ጎረቤታሞቹ አገሮች የሰመመን አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው፤ በኖርዌይ ግን ይህ አለርጂ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ተመራማሪዎች በኖርዌይ የሚሸጥ፣ በስዊድን ግን የሌለ አንድ ነገር ላይ ደረሱ። እሱም ፎልኮዲን የሚባል የሳል ማስታገሻ ነበር። ፎልኮዲንና ጡንቻ የሚያላሉት መድኃኒቶች በፀረ እንግዳ አካሉ ዓይን የሚመሳሰል ኬሚካላዊ ክፍል አላቸው። ሽሮፑን የጠጣ ሰው ሳያውቀው ለማያውቀው መርፌ ይዘጋጃል ማለት ነው። ኖርዌይ በ2007 ሽሮፑን ከገበያ አወጣች፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በሕዝቡ ደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካልም የአለርጂው ሪፖርትም ቀነሰ።

ሌሎች ግን አልቸኮሉም፤ ምክንያትም ነበራቸው። ሁለት ነገሮች አብረው መውረዳቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2011 ጉዳዩን ሲመረምር ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ሽሮፑ በገበያ እንዲቆይ ፈቀደ፤ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግም ጠየቀ። በፈረንሳይ የተደረገው ጥናት ሲጠናቀቅ፣ ከሰመመን በፊት ባሉት 12 ወራት ፎልኮዲን መውሰድ አደጋውን እንደሚጨምር አሳየ። በታኅሣሥ 2022 ኤጀንሲው መድኃኒቱ እንዲታገድ መከረ፤ አውስትራሊያና ብሪታንያ በ2023 መጀመሪያ ተከተሉ። ጥንቃቄውም ትክክል ነበር፣ መዘግየቱም ዋጋ አስከፍሏል። ለተራ ሳል የሚወሰድ ሽሮፕ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ስለነበር፣ በእኔ አመለካከት ጥርጣሬው ብቻ ቀደም ብሎ ሊያስወጣው ይገባ ነበር።

ሽሮፑ ታሪኩን ሁሉ አያብራራም። ተመሳሳይ ኬሚካላዊ ክፍል በመዋቢያዎችና በማጽጃዎች ውስጥም ስላለ እነዚህም ይጠረጠራሉ።

አድሬናሊን፦ የሚታወቅ፣ የሚዘገይ

መድኃኒቱ አከራካሪ አይደለም። አድሬናሊን የሰፉትን የደም ሥሮች ያጠባል፣ የጠበቡትን የሳንባ ቱቦዎች ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል፣ ማስት ሴሎቹ መርጨታቸውን እንዲቀንሱ ያደርጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያደርግ ሌላ መድኃኒት የለም።

ችግሩ ያለው በጊዜና በመጠን ላይ ነው። በብሪታንያው ኦዲት ከአሥር ሰዎች አንድ ያህሉ አድሬናሊን ጭራሽ አልተሰጠውም። የመጠኑን ነገር በእጅ እንደያዝነው እንየው። አንዱ አምፑል ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም ይይዛል። ይህ ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጥ መጠን ነው። ልቡ እየመታ ላለ አዋቂ፣ በደም ሥር፣ በሞኒተር ሥርና በለመደ ባለሙያ እጅ የሚጀመረው በ50 ማይክሮግራም ነው፤ የአምፑሉ ሃያኛ እጅ ማለት ነው። አምፑሉ ወደ 10 ሚሊ ሊትር ተበርዞ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይወሰዳል። በጭንቅ ሰዓት ይህ ስሌት ከተሳሳተ መድኃኒቱ ራሱ ልብን ሊያዛባ ይችላል። የደም ሥር መስመር ከሌለ ወይም በዚህ አሰጣጥ የለመደ ሰው ከሌለ በጭን ጡንቻ 500 ማይክሮግራም ይወጋል፤ ይህም የአምፑሉ ግማሽ ነው፣ ብረዛም አያስፈልገውም። ምላሽ ካልተገኘ ይደገማል፣ ከዚያም በማያቋርጥ ጠብታ ይቀጥላል።

ፈሳሹ ከአድሬናሊኑ እኩል መታሰብ አለበት። ከደም ሥር የሾለከው ካልተተካ የጠበበው የደም ሥር የሚገፋው ነገር የለውም። ለአዋቂ በሊትሮች የሚቆጠር ሳላይን የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ኦዲቱም ብዙዎች ከሚገባቸው በታች እንደተሰጣቸው ገልጿል። ሌላም ያነሣው ነገር አለ። ሞኒተሩ ላይ የልብ ምት ስለሚታይ ብቻ ደረት መጫን ይዘገያል። የላይኛው የደም ግፊት ከ50 በታች ከሆነ ግን የሚመታው ልብ የሚረጨው ደም የለም። ስለዚህ ለአዋቂ በዚህ ደረጃ ደረት መጫን እንዲጀመር ተመክሯል።

ፀረ ሂስታሚንና ስቴሮይድ (ሃይድሮኮርቲዞን፣ ዴክሳሜታዞን) የሚያከራክሩ ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት የሕክምናው ቋሚ አካል ነበሩ። የብሪታንያው ሪሰሲቴሽን ካውንስል በ2021 ሁለቱንም ከመጀመሪያው እርዳታ አወጣቸው። ፀረ ሂስታሚን የቆዳ ማሳከክን እንጂ የደም ግፊትን አያድንም፣ የስቴሮይድም ሥራ ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል የሚል ነው ምክንያቱ። ሌሎች መመሪያዎች በሁለተኛ ደረጃ አቆይተዋቸዋል፣ በተለይ አስም ላለበት። ሁለቱንም ወገኖች የሚያስማማው፣ እነዚህ መርፌዎች እስኪቀዱ አድሬናሊን መጠበቅ እንደሌለበት ነው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል

እዚህ መለየቱ ይብሳል። ታካሚው ቀድሞውንም በመተንፈሻ ማሽን ላይ ነው፣ ተደንዝዟል፣ የደም ግፊቱም በመድኃኒት የተደገፈ ነው። ኢንፌክሽን ወደ ደሙ የገባ ሰው አዲስ አንቲባዮቲክ ተጀምሮለት ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቢወድቅ «ኢንፌክሽኑ ባሰበት» ይባላል። ከዚያ ያው አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ይደገማል።

በትልቅ የደም ሥር የሚገቡ አንዳንድ ቱቦዎች ጀርም እንዳይራባባቸው በክሎረሄክሲዲን የተቀቡ ናቸው። ለዚህ አለርጂ ያለበት ሰው ቱቦው እንደገባ ይወድቃል፤ ቱቦው እስካልወጣ ድረስም ቀስቃሹ ከደሙ አይወጣም። አድሬናሊን የሚሰጠውም በዚያው ቱቦ ሊሆን ይችላል። ደምና የደም ተዋጽኦ፣ ለምርመራ የሚወጋ ኮንትራስትም በዚህ ክፍል ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለአድሬናሊን በደንብ ላይመልሱ ይችላሉ፤ ለእነርሱ ግሉካገን የሚባል ሌላ መድኃኒት ይታሰባል።

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም»

ይህ አባባል ከቀዶ ሕክምና በፊት ከሚሰሙት ሁሉ የተለመደ ነው። በአንዳንድ አገሮች ከአሥር ሰዎች አንድ ያህሉ ይህ በካርዱ ላይ ተጽፎበታል። በአግባቡ ሲመረመሩ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዱታል። በልጅነት የታየው ሽፍታ የቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ የሆድ መረበሽ አለርጂ አይደለም፣ እውነተኛው አለርጂም ከዓመታት በኋላ በብዙዎች ላይ ይጠፋል።

አባባሉን ዝም ብሎ መቀበል ጥንቃቄ ይመስላል፤ የራሱ ጉዳት ግን አለው። በብሪታንያው ኦዲት በአንድ አሰጣጥ ሲሰላ ከሁሉም አንቲባዮቲኮች ይበልጥ አናፊላክሲስ ያመጣው ቲኮፕላኒን ነበር። ይህ መድኃኒት በብዛት የሚታዘዘው ደግሞ ፔኒሲሊን አይስማማኝም ላሉ ሰዎች ነው። ምናልባት ያልነበረን አለርጂ ሽሽት ወደ ባሰ አደጋ ወሰደ። በሌላው ጫፍ አባባሉን ማናናቅም ይገድላል። ስለዚህ ጥያቄው «አለርጂ አለብህ ወይ?» ተብሎ ማብቃት የለበትም። ምን ሆንክ፣ ከተወሰደ በስንት ጊዜ፣ ትንፋሽ አጠረህ ወይ፣ ሆስፒታል ገባህ ወይ፣ ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ መድኃኒት ወስደህ ነበር ወይ የሚሉት ናቸው የሚለዩት።

መድኃኒቱን በጥቂቱ ወግቶ ለደቂቃዎች መጠበቅ የሚለውን ልማድ ብዙዎች እንደ ዋስትና ያዩታል። እውነተኛ አለርጂ ባለበት ሰው ግን ያች ጥቂት መጠን ራሷ አናፊላክሲስ ልታስነሣ ትችላለች፣ ምንም አለመታየቱም ሙሉው መጠን ደኅና ነው ማለት አይደለም። በአለርጂ ክሊኒክ፣ በታቀደ ደረጃና ዝግጁ በሆነ ቡድን ፊት የሚደረገው ሙከራ ከዚህ የተለየ ነው።

የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው ፕሮፖፎል መውሰድ የለበትም፣ የባሕር ምግብ የማይስማማው ሰው አዮዲን ይጎዳዋል የሚሉት እምነቶች በማስረጃ አልተደገፉም።

ከአደጋው በኋላ የሚቀረው ሥራ

ታካሚው ሲረጋጋ አንድ የደም ናሙና መወሰድ አለበት። ማስት ሴሎች የረጩት ትሪፕቴዝ ከፍ ብሎ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ቢቀዳ ይመረጣል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ማስረጃው ከደም ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛ ናሙና ከ24 ሰዓት በኋላ ተወስዶ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል። የመጀመሪያው ውጤት የሁለተኛው 1.2 እጥፍ ላይ 2 ተደምሮ ከሚገኘው ቁጥር እኩል ወይም በላይ ከሆነ ማስት ሴሎች መርጨታቸው ተረጋገጠ ማለት ነው። ትሪፕቴዝ ከፍ አለማለቱ ግን አናፊላክሲስን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ቀስቃሹን የሚለየው የቆዳ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተጠብቆ ይደረጋል። መርማሪው የሚመረኮዘው በሰመመን መዝገቡ ላይ ነው፤ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት ተሰጠ፣ የመጀመሪያው ለውጥ በስንት ሰዓት ታየ፣ ክሎረሄክሲዲን የነካው ምን ምን ነበር። የማይጻፉት ነገሮች፣ ጄሉ፣ የቆዳ ማጽጃው፣ የተቀባው ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚሁ ናቸው። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ የተጠረጠሩትን ሁሉ በስም የዘረዘረ ደብዳቤ በእጁ መያዝ አለበት፤ «ማደንዘዣ አይስማማውም» የሚል ቃል ለሚቀጥለው ባለሙያ ምንም አይነግረውም።

ምርመራው ሳይደረግ ቀዶ ሕክምናው የማይዘገይ ከሆነም መንገድ አለ። ከክስተቱ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ የተሰጡት ሁሉ ይቀራሉ። ቆዳው በፖቪዶን አዮዲን ይጠረጋል። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከፈቀደ የአካል ክፍሉ ብቻ ይደነዝዛል፤ ካልፈቀደ አናፊላክሲስ በማምጣት የማይታወቁት የሚተነፈሱ የሰመመን ጋዞች ይመረጣሉ። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቶ ከነበረ የዚያ ወገን መድኃኒቶች ሁሉ ይቀራሉ፣ ምክንያቱም ለአንዱ አለርጂ የሆነ ሰው ለሌላውም የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። አድሬናሊኑም ተበርዞ፣ ስሙና መጠኑ ተጽፎበት፣ ታካሚው ከመተኛቱ በፊት በጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።